ደብረ ብርሃን ያገለገለ ፒኤስ ፎር ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ማቬሪክ ሰው አይደለም

ወገን በንዴት ነው የምጽፈው፣ የፊደል ስህተት ካለ እለፉኝ። ከትናንት ወዲያ ከደብረ ሲና ደብረ ብርሃን ወጥቼ ያገለገለ ፒኤስ ፎር፣ ቲቪ ላይ የሚሰካውን የጌም ማጫወቻ፣ በ28 ሺህ ብር ገዛሁ። ሱቁን ስም አልጠራም፣ አይነቱን ግን ታውቁታላችሁ፣ ከፊት የስልክ ከቨር የተሰቀለበት፣ ከኋላ መጋረጃ ያለው፣ "ላንተ ስለሆነ ነው እንጂ" የሚል ልጅ የማይጠፋበት።

የፈለግኩት ሮኬት ሊግን ነው። ለማታውቁት፣ በመኪና የሚጫወቱት ኳስ ነው፣ 3 ለ 3፣ 5 ደቂቃ፣ ኳሷ ከመኪናው ትበልጣለች፣ መኪናው ይዘላል፣ ይበራል፣ ግድግዳ ይወጣል፣ ስድስቱም አንድ ኳስ ላይ ይከመራሉ፣ በቃ ትርምስ ነው። የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ስለሚጫወት ማታ ማታ ኦንላይን አብረን ልንጫወት ነበር ሀሳቡ። ኦንላይን ካልገባ አልወስድም ብዬ ለልጁ ሶስቴ ነው የነገርኩት፣ ሶስቴ!

"አባቴ አሁኑኑ አስገብቼ ላሳይህ" አለና ቲቪው ፊት ቆሞ ነካ ነካ አርጎ ጆይስቲኩን ሰጠኝ። ምን እንደነካ አላየሁም፣ በጀርባው ከልሎታል። ጨዋታው ሲጀመር ከባላጋራዎቹ መኪና በላይ ማቬሪክ፣ ቫይፐር፣ ካን የሚል ስም ተጽፏል። "እነዚህ የየት ሀገር ልጆች ናቸው?" አልኩት። አይኑን በጨው አጥቦ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ "ማቬሪክ እንግሊዝ ነው፣ ካን ፓኪስታን መሰለኝ።" መሰለኝ ይላል ደሞ! እኔም ፋራው አመንኩ። መጀመሪያ ኳሷን ስቼ ግድግዳ ላይ ተገለበጥኩ፣ ከዛ አንዷ ሳላስባት መኪናዬን ነክታ ገባች፣ ከዛማ ማን ይቻለኝ፣ 4 ለ 1። ጆይስቲክ በያዝኩ በ5 ደቂቃ እንግሊዝን 4 ለ 1! ሱቅ ውስጥ ያሉት አጨበጨቡልኝ፣ በዛ ብርድ ላብ አሰመጠኝ። "ጌሙ ኦርጅናል ነው" ብለው 3 ሺህ ሲጨምሩብኝ ራሱ አልተከራከርኩም፣ በቴሌብር ወዲያው ላኩ። ጣርማ በር ዋሻው ጋ ጉም ውስጥ ስንገባ ካርቶኑን እንደ አራስ ልጅ ታቅፌው ነበር።

ቤት ገብቼ በስልኬ ዳታ አገናኘሁት። ይሄ ፒኤስ ፎር ከፕሌይስቴሽን ኔትወርክ ታግዷል ይለኛል፣ ኦንላይን የሚያገናኘው እሱ ነው። የታገደው እቃው ራሱ ነው፣ አዲስ አካውንት ብትከፍቱም ዋጋ የለውም። የእህቴ ልጅ ጋ ደውዬ ኧረ እኔ ማቬሪክን 4 ለ 1 ያሸነፍኩበት እቃ እኮ ነው ስለው ሳቁን መጨረስ አቃተው። "ጋሼ፣ ማቬሪክ እኮ ቦት ነው፣ ኮምፒውተሩ ነው፣ ኢንተርኔት ሳይኖርም ይጫወታል። ሰው ቢሆን ኖሮ ኳሷን ስትስት 'ዋት ኤ ሴቭ'፣ አቤት አዳዳን፣ እያለ ሙድ ይይዝብህ ነበር።" ይባስ ብሎ ጌሙ በፈረንጆቹ ከ2020 ጀምሮ ነፃ ነው፣ ኦንላይን ለመጫወትም ፕላስ የሚባለውን ወርሃዊ ክፍያ አይጠይቅም። እኔ የነፃ እቃ 3 ሺህ ብር ገዝቻለሁ ማለት ነው።

ትናንት በጠዋት ካርቶኑን ተሸክሜ ተመለስኩ። ልጁ አንገቱን ከስልኩ ሳያነሳ "ሰውዬ፣ ሲሰራ አይተህ አይደል የወሰድከው? ያውም አሸንፈህ!" አለኝ። ከትናንት ወዲያ አባቴ ነበርኩ እኮ፣ ባንድ ሌሊት ሰውዬ ሆንኩ። ደረሰኝ ስል "ያኔ ጠይቀህ ነበር?" ብሎ መልሶ እኔኑ ጠየቀኝ። አልጠየቅኩም፣ ማን ያስታውሰዋል፣ እንግሊዝን አሸንፌ። ልወጣ ስል ከመጋረጃው ጀርባ አንዱ "ማቬሪክን የመልስ ጨዋታ ጠይቀው!" ብሎ ጮኸ፣ ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ብሩ ያናድዳል፣ ይቺ ግን እንቅልፍ ነው የነሳችኝ።

ለምትገዙ፣ ብር ከመላካችሁ በፊት እዛው ሱቅ ውስጥ በራሳችሁ አካውንት፣ በራሳችሁ ዳታ ግቡበት፣ ጆይስቲኩን እናንተ ያዙ።

እቃው ቤት ተቀምጧል፣ ከቦት በቀር የሚጫወተኝ የለም። አሁን ይሄን ከመጻፌ በፊት ብስጭቴ ይውጣልኝ ብዬ ከፈትኩት፣ ማቬሪክ 6 ለ 2 ቀጣኝ።