ለሠዓሊው ለጃክ ራስል ምስጋና፣ ስጦታ ለጠፋባችሁም ጥቆማ

በብሪስቶልና በአካባቢው ለምትኖሩ ወገኖቼ፣ በተለይም ለእንግሊዛዊ ጎረቤት ወይም ባለውለታ የሚሆን ስጦታ አጥታችሁ ለተቸገራችሁ፣ የቀድሞውን የክሪኬት ተጫዋች የጃክ ራስልን ሥዕሎች ልጠቁማችሁ፣ እርሳቸውንም በአደባባይ ላመሰግናቸው እወዳለሁ።

እዚህ አገር ስገባ ቅጽ በመሙላትና ቤት በማፈላለግ የረዱኝ አንድ አዛውንት ጎረቤት አሉኝ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የግሎስተርሻየር ክሪኬት ቡድን ደጋፊ ናቸው። 80 ዓመት ሲሞላቸው ምን ልስጣቸው ብዬ ስጨነቅ ልጃቸው የራስልን ሥራዎች ጠቆመችኝ፤ እኔም ዳመና ያንዣበበበትን የክሪኬት ሜዳ የሚያሳይ አንድ የሕትመት ቅጂ ገዛሁ። አዛውንቱ ሥዕሉን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው የሰውየውን ታሪክ ሲያወጉኝ አመሹ።

ራስል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በ1963 በስትራውድ ተወልደው ከ1981 እስከ 2004 ለአንድ ካውንቲ (የክፍለ ግዛት ቡድን) ብቻ፣ ለዚሁ ለግሎስተርሻየር ተጫውተዋል፤ ለእንግሊዝም በ54 የቴስት ግጥሚያዎች (አገር ከአገር የሚገናኙባቸው፣ ለቀናት የሚዘልቁ ጨዋታዎች) ተሰልፈዋል። ሥራቸው ዊኬት ጠባቂነት ነበር፤ ማለትም ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ የሚያመልጠውን ኳስ መቅለብ፣ ቀኑን ሙሉ ዐይንን ሳይነቅሉ። በ1995 በጆሃንስበርግ በአንድ ግጥሚያ 11 መቺዎችን ኳስ ቀልበው ካሰናበቱ በኋላ ዱላ ይዘው ከአምበሉ ከማይክል አተርተን ጋር ከአራት ሰዓት ተኩል በላይ ሳይወጡ ቆሙ፤ ያስቆጠሩት 29 ሩጫ (ነጥብ) ብቻ ቢሆንም እንግሊዝ ከሽንፈት ተርፋ በአቻ ወጣች። ጎረቤቴ ከድሉ ሁሉ ይልቅ ይህችን 29 ይወዷታል። ግሎስተርሻየር በ1999 እና በ2000 አምስት የአንድ ቀን ዋንጫዎችን ሲወስድም ዊኬት ጠባቂው እርሳቸው ነበሩ። አንዷን የሻይ ከረጢት በመስቀያ ላይ እያንጠለጠሉ ለቀናት ይጠጡባት እንደነበር ሲነገር ግን ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም፤ እኛ እንኳ አንዱን ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን እንተወዋለን።

ሥዕሉን የጀመሩት ገና ተጫዋች ሳሉ፣ ዝናብ ጨዋታ ባቋረጠ ቁጥር እርሳስ እያነሡ ስለነበር፣ የጀርባ ሕመም በ2004 ከሜዳ ሲያስወጣቸው ሁለተኛው ሙያቸው ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸው ነበር። የሥዕል ማሳያቸውን የከፈቱት ከብሪስቶል ብዙም በማትርቀው በቺፒንግ ሶድበሪ ከተማ ነው፤ ከክሪኬት ሌላ የገጠር መልክዓ ምድር፣ የጦርነት ታሪክና የሰዎችን ምስል ይሥላሉ። ዋናዎቹ የዘይት ቀለም ሥዕሎች ለእንደኔ ያለ ኪስ ይከብዳሉ፤ ቅጂዎቹ ግን አይከብዱም፣ የሠዓሊው ፊርማ ያለባቸውም ይገኛሉ። ከመሄዳችሁ በፊት ክፍት የሚሆኑበትን ሰዓት ጠይቁ፣ የክፈፉንም ዋጋ አስቀድማችሁ አስቡ፤ እኔ ረስቼው ሁለተኛ ወጪ አውጥቻለሁ።

ጎረቤቴ ሥዕሉን ከምድጃቸው በላይ ሰቅለውታል፤ ዳመናውን ባዩ ቁጥር «ይኼ ሰማይ ሳይዘንብ አይቀርም» ይላሉ። ለጃክ ራስል እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እጅዎ ይባረክ።