ቁጥር ወይስ ዐይን፦ የተጠባባቂ ቡድን ወጣቶችን መመዘኛ

በሞላላ ኳስ በሚካሄደው የአውስትራሊያ እግር ኳስ፣ የሜልቦርን ታላላቅ ክለቦች ወጣቶቻቸውን የሚፈትኑት በቪክቶሪያ እግር ኳስ ሊግ በሚወዳደሩ ተጠባባቂ ቡድኖቻቸው ነው። ወጣቱን በቁጥር መመዘን ይቻላል፤ ከሜዳው ዳር ሆኖ በዐይን መመዘንም ይቻላል።

ቁጥሩ ተጫዋቹ ኳሱን ስንት ጊዜ በእግሩ እንደመታ፣ ስንት ጊዜ በቡጢ እንዳቀበለ፣ ቢያንስ 15 ሜትር ከተጓዘ ምት ስንት ኳስ እንደቀለበ ይነግራል። ሳምንትን ከሳምንት ለማነጻጸርም ያመቻል።

ይሁን እንጂ በእያንዳንዱ ወገን 18 ተጫዋቾች በሚሰለፉበት በዚያ ሰፊ ሜዳ ወጣቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው ያለ ኳስ ነው። ኳሱ ሲነጠቅ ወደ ኋላ ይሮጣል ወይስ ቆሞ ያያል? ኳስ ለያዘው ጓደኛው መንገድ ይከፍታል? በአራተኛው ሩብ ሲደክም ውሳኔው ይበላሻል? ይህን አጥርቶ የሚይዘው ዐይን ነው። ተጋጣሚው ኳስ እንዳያገኝ አድርጎ የዋለ ተከላካይ በመዝገቡ ላይ ምንም ያልሠራ ሊመስል ይችላል፤ ይህም ትልቅ በደል ይመስለኛል። በተጠባባቂዎች ጨዋታ ጫናው ከዋናው ሊግ ስለሚያንስ፣ 30 ጊዜ ኳስ ያቀበለውን አማካይ እንኳ ኳሱን በትግል ይሁን በነፃ ቦታ እንዳገኘው ሳያዩ ማድነቅ አይገባም። እኔ አስቀድሜ ጨዋታውን እመለከታለሁ፤ ቁጥሩን የምከፍተው ያየሁትን ለመፈተሽ ነው።