ባለ ቢላ ወይስ ባለ ጥርስ? የቤት ቡና መፍጫ ስትመርጡ

ሁለት ዓመት ሙሉ ቡናዬን የፈጨሁት በባለ ቢላ የኤሌክትሪክ መፍጫ ነው። ርካሽ ነው፣ ቦታም አይዝም። ግን ቢላው ፍሬውን ይከታትፈዋል እንጂ እኩል አይፈጨውም፤ ግማሹ ዱቄት ይሆናል፣ ግማሹ ሸርከት እንዳለ ይቀራል። የላመው ጣዕሙን ከልክ በላይ ውሃው ውስጥ ይለቅና ይመርራል፣ ሸርከት ያለው ደግሞ ጣዕሙን በቅጡ ሳይሰጥ ይቀርና ይኮመጥጣል፣ ሁለቱ አንድ ስኒ ውስጥ ሲገናኙ እኛ በቡናው እናላክካለን። እኔ ራሴ ስንት ዓይነት ቡና ቀያይሬያለሁ!

አሁን የያዝኩት ባለ ጥርስ፣ ማለትም ፍሬውን በሁለት ጥርሳም አካላት መሃል የሚፈጭ፣ የእጅ መፍጫ ነው። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። በጥርሶቹ መሃል ያለውን ክፍተት እያጠበቡ እያሰፉ ልኩን መምረጥ ይቻላል፦ ለኤስፕሬሶ የላመ፣ ለፍሬንች ፕሬስ (ቡናው በሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ በወንፊት ወደ ታች የሚጫንበት ማፍያ) ሸርከት ያለ። ክንድ ያደክማል፣ አልዋሽም። ለብዙ ሰው የምትፈጩ ከሆነ ባለ ጥርሱን በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ውሰዱ።

ስትገዙ ጥርሱን የሚያዞረውን ዘንግ ነቅነቅ አድርጉት፤ ከተወዛወዘ ተዉት፣ እኩል አይፈጭላችሁም። ተፈታቶ የሚጸዳም ይሁን፣ ምክንያቱም የቡናው ቅባት ጥርሱ ላይ ተጣብቆ ሲቆይ ይበላሽና የሚቀጥለውን ቡና ጣዕም ያጠፋል። የብረት ጥርስ ከሆነ ውሃ አታስነኩት፣ ይዝጋል። ደረቅ ብሩሽ ይበቃል።