ዓረፍተ ነገር በመቀስ፦ ስለ አንድ የሀዋሳ የቅዳሜ ማስጠኛ

ሀዋሳ ሆናችሁ አራተኛ ወይም አምስተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ካላችሁ፣ ነጠላና ድርብ ዓረፍተ ነገር መለየትም ካስቸገረው፣ ይህ ለእናንተ ነው። አቶቴ አካባቢ አንዲት ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህርት ቅዳሜ ጠዋት በረንዳቸው ላይ ልጆች ያስጠናሉ። ስሜና ስልኬ አይጻፍ ስላሉኝ አልጽፍም፤ የሰፈሩ ሰው ግን ያውቃቸዋል።

ልጄን እዚያ የወሰድኳት ትምህርት ቤት የተሰጣት ነገር ስላላስኬዳት ነው። ደብተሯ ላይ "እና፣ ግን፣ ወይም፣ ስለዚህ ካለበት ድርብ ነው" ተብሎ ተጽፏል። በቃ፣ ይኸው ነው። ይህን ይዛ "አበበና ጫልቱ አሞራ ገደል ዓሣ በሉ" (አሞራ ገደል የሀዋሳ ሐይቅ ዳር የዓሣ ገበያ ነው) የሚለውን ድርብ አለች፤ "ና" አለበታ! ኤክስ ተደረገባት፣ ለምን እንደተሳሳተች ግን ማንም አልነገራትም። እንዲህ ያለ ሕግ ልጅን ከማስተማር ይልቅ ያደናግራል፣ በጣም የሚያናድደኝም እሱ ነው።

መምህርቷ ከማያያዣ አይጀምሩም። የሚጀምሩት ከማሰሪያ አንቀጽ ነው። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ልጆቹ ዓረፍተ ነገሩን ጮክ ብለው ያነቡና ሐሳቡ የታሰረበት ቃል ላይ ሲደርሱ ያጨበጭባሉ። አንድ ጭብጨባ ከሆነ ድርብ አይደለም። ሁለት ከሆነ ድርብ ሊሆን ይችላል፣ ወደ መቀሱ እንሂድ ይባላል። ቤታቸው ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ የሚነገር ልጆችም አሉ፤ እነሱን መጀመሪያ በራሳችሁ ቋንቋ በሉት ይሏቸዋል። በሁለቱም ቋንቋዎች ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሆነ ልጆቹ ቶሎ ይገባቸዋል። ይህን ሌላ አስጠኚ ሲያደርገው አላየሁም፣ በጣም ወደድኩት።

አሁን ወደ መቀሱ። ዓረፍተ ነገሩ ረዘም ባለ ወረቀት ላይ በማርከር ይጻፋል፣ ልጁ ለሁለት ይቆርጠዋል። ሁለቱም ቁራጭ ለብቻው አራት ነጥብ ተቀብሎ መቆም ከቻለ ድርብ ነው፣ አንዱ ከወደቀ አይደለም። ቀላል ይመስላል አይደል? የሚቆረጠው የት ጋ እንደሆነ እስኪመጣ ድረስ ነው። "ወንድሜ ኳስ ይወዳል፤ እኔ ግን ሥዕል እወዳለሁ" የሚለውን የሰጧቸው ቀን ቁጭ ብዬ እያየሁ ነበር። ሁሉም ልጆች ማለት ይቻላል "ግን" ላይ ቆረጡ። አንደኛው ቁራጭ "ወንድሜ ኳስ ይወዳል እኔ" ሆኖ ቀረ። መምህርቷ ተሳሳታችሁ አላሉም፣ "እስቲ አንብቡት" ብቻ አሉ። ልጆቹ ሲያነቡት ራሳቸው ሳቁ፣ "እኔ" የሁለተኛው ነው ብለው አዲስ ወረቀት ጠየቁ። "ግን" እና "ደግሞ" ከባለቤቱ ኋላ እንደሚቀመጡ፣ መቁረጫው ከባለቤቱ ቀድሞ እንደሆነ በዚያው ገባቸው።

ሌላው ደስ ያለኝ "ዝናቡ ቆመና ወጣን" የሚለው ነው። እዚህ ቃሉን ራሱን መቁረጥ ያስፈልጋል፣ "ቆመ" እዚህ፣ "ና" እዚያ። "ዝናቡ ቆመ" ይቆማል፣ "ወጣን"ም ይቆማል። አንድ ልጅ "ቲቸር፣ አንድ ቃል እንዴት ዓረፍተ ነገር ይሆናል?" ብሎ ሲጠይቅ "ማን ነው የወጣው?" አሉት። "እኛ" አለ። "ታዲያ ባለቤቱ ውስጡ አለ አይደል?" አሉት። ከዚያ በኋላ "አበበና ጫልቱ" ሲመጣ ልጄ ሳትቆርጥ "አበበ ብቻውን ምን አደረገ? ግስ የለውም" አለች። ያ "ና" ሁለት ስም እንጂ ሁለት ዓረፍተ ነገር እንዳላያያዘ ማንም ሳይነግራት ደረሰችበት።

ርዝመትም እንዳያታልላቸው ሁለት ዓረፍተ ነገር ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። አንዱ "የሐይቁ ዳር ትልቁ አባ ኮዳ ትናንት ከሰዓት በኋላ ከልጆቹ እግር ሥር የዓሣ አጥንት ለቀመ" የሚል ነው (አባ ኮዳ የሐይቁ ዳር ትልቅ ወፍ ነው)፣ ሌላው "መጣሁ፤ አጣሁሽ"። የመጀመሪያው 14 ቃል አለው፣ ግን ነጠላ ነው። ሁለተኛው 2 ቃል ብቻ ሆኖ ድርብ ነው።

ቅር ያለኝም አለ። "ልጁ ቁርሱን በልቶ ሄደ" ሲቆረጥ "ልጁ ቁርሱን በልቶ" ለብቻው አይቆምም፣ "በልቶ" ቦዝ አንቀጽ፣ ማለትም ሐሳቡን የማያስር ግስ ነው። "ዝናብ ስለዘነበ ቀረን" የሚለውም ቦዝ ባይኖረውም "ዝናብ ስለዘነበ" ለብቻው አይቆምም። መምህርቷ እነዚህን "ይቆይ" የሚል ካርቶን ውስጥ ያስጥሏቸዋል፣ ካርቶኑ ግን ሳይከፈት ብዙ ይቆያል። ስጠይቃቸው "መጀመሪያ ማሰሪያውን ይዩ፣ ውስብስቡ ይደርሳል" አሉኝ። ለአራተኛ ክፍል እስማማለሁ። የአምስተኛ ክፍሎቹ ግን ፈተና ላይ ያገኙታልና ቶሎ ቢከፈትላቸው ይሻላል። እንግሊዝኛውንም ነካ አድርገው ነው የሚያልፉት፤ እዚያ ግሱ መሃል ስለሚመጣ ጭብጨባው ሌላ ቦታ ነው፣ ለእንግሊዝኛ ብላችሁ ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ። ባጃጅ በበሩ ሲያልፍም የሚሉት አይሰማም።

ዋጋው ቤት ለቤት ለሚያስጠና ከሚከፈለው ከግማሽ በታች ነው። ለእኔ ትልቁ ለውጥ የታየው ድርሰቷ ላይ ነው። ድሮ ከላይ እስከ ታች "እና ከዚያ፣ እና ከዚያ" ነበር፣ አራት ነጥብ የሚገኘው ገጹ ሲያልቅ ነው። አሁን ነጠላ ሰረዝን ለዝርዝር፣ ድርብ ሰረዝን ለሁለት ሙሉ ሐሳብ ትጠቀማለች፤ ትክክል ባልሆነ ቦታ የምታስገባበት ጊዜ ቢኖርም ለምን እንዳስገባችው ትነግረኛለች።

በረንዳው ጠባብ ስለሆነ ብዙ ልጅ አይቀበሉም፣ ማስመዝገብ የምትፈልጉ ቀደም በሉ። ጫፉ ደብዘዝ ያለ የልጅ መቀስም አስይዛችሁ ላኩ፣ እዚያ ያለው ለሁሉም አይዳረስም።