ስላይዴን አፍ ያስፈታችልኝ ልጅ

ምስጋና ትኩስ ሲሆን ነው የሚያምረው። እኔ ሁለት ሳምንት አቆየሁት፤ ይቅርታ ጠይቄ ልጀምር።

ባሕር ዳር ውስጥ የማስተምር መምህር ነኝ። ዓይነ ስውር ነኝ። ኮምፒውተር የምጠቀመው በጆሮዬ ነው። ላፕቶፔ ላይ ኤንቪዲኤ የሚባል ስክሪን ሪደር አለ፤ የተጻፈውን በድምፅ ያነብልኛል። በነጻ የሚገኝ ነው። በፈረንጆቹ 2006 የጀመረው ማይክል ከራን የሚባል አውስትራሊያዊ ነው፤ እሱም እንደኔው አያይም። አማርኛም ያነባል። አነባበቡ አገራችን ገብቶ ሦስት ወር የሞላው ፈረንጅ ይመስላል፤ ግን ይገባል።

ባለፈው ስለ ጣና ሐይቅ ስልጠና ወሰድንና ስናበቃ "ለየትምህርት ቤታችሁ አውርዱ" ተባልን። ስልጠናውን ለእኛ ግቢ መምህራን የማወርደው እኔ ሆንኩ። በፍላሽ የተሰጠኝ አንድ የፓወር ፖይንት ፋይል ነው፤ 41 ስላይድ። ቤቴ ገብቼ ስከፍተው ስክሪን ሪደሩ ዝም ብሎ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ይለቅብኝ ጀመር። የመኪና ታርጋ የሚቆጥር ነው የሚመስለው።

መጀመሪያ አንድ ጽሕፈት ቤት ወሰድኩት፤ ስሙን አልጠራም። ልጁ "ችግሩ ፎንቱ ነው ጋሼ፣ እንዳይበላሽ አድርጌ እሰጥዎታለሁ" አለና 300 ብር ተቀበለኝ። ያደረገው ምን መሰላችሁ? እያንዳንዱን ስላይድ ፎቶ አንስቶ መልሶ ለጠፈው። ለሚያይ ሰው ቁልጭ ብሏል አሉ። ለእኔ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው "ግራፊክ"፣ "ግራፊክ"፣ "ግራፊክ" ብቻ ሆነ። ታርጋዋም ቀረችብኝ።

ከዚያ ነው አንድ ባልደረባዬ ፔዳ አካባቢ ወዳለችው ልጅ የወሰደኝ። ጠባብ ቤት ናት። ፎቶ ኮፒው ያጓራል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያስጠርዙ ተማሪዎች በሩ ላይ ይጋፋሉ፣ ውጭ ባጃጆቹ ይጮኻሉ። ፍላሹን ስሰጣት አልተቀበለችኝም። "ጋሼ፣ መጀመሪያ ላፕቶፕዎ እንዴት እንደሚያነብልዎ ልስማ" አለች። ይህን ያህል ዓመት ስክሪን ሪደር ስጠቀም እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም ቀድሞ የሚያየው ማያውን ነው።

ድምፁን ከፈትኩላት። ታርጋውን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ዝም አለች። "ይሄ እኮ በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ነው። ለዓይን አማርኛ ነው፤ ከሥሩ ያለው ግን የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ማሽኑ የሚያነበው ከሥር ያለውን ነው" አለችኝ። ለካ ላፕቶፔ ደህና ነው! ያገኘሁት ሰው ሁሉ "ኮምፒውተርህን ፎርማት አስደርገው" ሲለኝ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልናደድ። ዩኒኮድ ማለት ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ነው፤ የግዕዝ ፊደል እዚያ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት ሆነው? እስካሁን በአሮጌ ፎንት ጽፎ ለሰው የሚያድል አለ። እኔን ብትጠይቁኝ፣ በአማርኛ ስላይድ ላይ ለዓይነ ስውር ከሥዕሉም ከቀለሙም በፊት ትልቁ እንቅፋት ይሄ ነው።

ልጅቷ ጽሑፉን እንደ አዲስ በዩኒኮድ ተየበችው። አሮጌውን ፎንት ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር መለወጫ ሞክራ ነበር፤ አንዳንድ ፊደል ስላበላሸባት ተወችው። አራት ነጥቡንም አስተካከለች። ብዙ ጸሐፊ ሁለት ነጥብን ሁለቴ መትቶ አራት ነጥብ አደረግሁ ይላል። ለዓይን ልዩነት የለውም። ስክሪን ሪደሩ ግን ዓረፍተ ነገሩ ማለቁን ስለማያውቅ ትንፋሽ ሳይወስድ ይነጉዳል።

ቀጥላ ወደ ርዕሶቹ ሄደች። እኔ በርዕስ ነው ከስላይድ ስላይድ የምዘለው። ስንቱ ስላይድ "የቀጠለ…" የሚል ርዕስ እንደነበረው ታውቃላችሁ? 11! የትኛው ከየት እንደቀጠለ ማን ይንገረኝ? ለእያንዳንዱ የራሱን ርዕስ ሰጠችው፦ "ግልገል ዓባይ"፣ "ርብና ጉማራ"፣ "መገጭ"። ርዕሱንም በየቦታው በተሳለ ሳጥን ሳይሆን ፓወር ፖይንት ራሱ ለርዕስ ባዘጋጀው ቦታ አስገባችው። አለበለዚያ ፊደሉ የቱንም ያህል ቢተልቅ ማሽኑ ርዕስነቱን አያውቀውም።

የንባብ ቅደም ተከተል የሚባልም ነገር አለ። አንዱ ስላይድ ላይ መጀመሪያ የገጽ ቁጥሩ፣ ቀጥሎ የሥዕሉ መግለጫ፣ በመጨረሻ ርዕሱ ይነበብልኝ ነበር። ሴሌክሽን ፔን የሚባል ዝርዝር ከፍታ አንድ በአንድ አስተካከለችው። እዚያ ዝርዝር ላይ መጀመሪያ የሚነበበው ከታች ያለው ነው። "ቁልቁል የተዘቀዘቀ ነገር ነው ጋሼ" ብላ ሳቀች።

የወደድኩት ግን የሥዕሎቹን ነገር ነው። የእምቦጭ ፎቶ አለ። በፊት የሚነበብልኝ የካሜራው የፋይል ቁጥር ነበር። አሁን እሷ ለማሽኑ ከሥዕሉ ጋር የጻፈችው መግለጫ እንዲህ ይላል፦ "ሦስት ገበሬዎች ወገባቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ቆመው እምቦጭ በእጃቸው ሲነቅሉ፤ የተነቀለው ታንኳ ላይ ተከምሯል።" ስሰማው ዘጌ የሚኖር አጎቴ ትዝ አለኝ። የዝናቡን ግራፍ ስትጽፍ ደግሞ ቁጥሩን ሁሉ አልዘረገፈችብኝም፤ "ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጣሪያ ይነካል፣ ከጥቅምት ወዲህ ይወርዳል" ብላ ፍሬውን ነገረችኝ። ጥግ ላይ ያሉትን የአበባ ሐረጎች ግን አልነካካቻቸውም። ጌጥ ናቸው ብላ ምልክት አደረገችባቸው፤ ማሽኑም ዘሏቸው ያልፋል። እንደኔ አንዳንዴ ትልቁ ሙያ ዝም ማሰኘቱ ነው።

ስልጠናው ቀን አንዱን ጆሮዬን ማዳመጫ ሰክቼ፣ በሌላው ሰዎቹን እየሰማሁ አቀረብኩ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስን አንድ ላይ ስጫን ከስላይዱ ሥር የጻፍኩት ማስታወሻ ይነበብልኛል። በየመሃሉ የሐይቁ ንፋስ መስኮቱን ያላትመው ነበር። አንዱ መምህር ከኋላ "አንተ ሰውዬ፣ በእውነት አታይም?" ብሎ አሳቀን።

ለተሳታፊዎች የምንልከውን ፒዲኤፍም እሷው ናት ያዘጋጀችው። ፕሪንት ብላ አይደለም፤ ሴቭ አዝ ብላ ነው። በፕሪንት ሲወጣ የርዕሱ መዋቅርና የሥዕሉ መግለጫ ይጠፋል አለችኝ። እውነቷን ነው። ሌላዋ ዓይነ ስውር ባልደረባችን በስልኳ ቶክባክ የሚባለውን ስክሪን ሪደር ከፍታ ማታውኑ አነበበችውና ደወለችልኝ።

እንግዲህ ደህናውን ብቻ አውርቼ እንዳላታልላችሁ። አትፈጥንም፤ የእኔ ሥራ አራት ቀን ፈጅቷል። በምረቃ ሰሞን ስልክ አታነሳም። ዋጋዋም ከተራ ጽሕፈት ከፍ ይላል፤ እኔ 1,200 ብር ከፍያለሁ፤ አልቆጨኝም። 50 ብር ልጨምርላት ብል "ኧረ ጋሼ!" ብላ እጄን መለሰችው።

ስሟንና ስልኳን እዚህ እንድጽፍ አልፈቀደችልኝም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ፒዲኤፉን ሳይሆን ዋናውን የፓወር ፖይንት ፋይል ያዙ። ሥዕሎቹ የምን እንደሆኑም አስቀድማችሁ አስቡበት፤ መጠየቋ አይቀርም። ደጇ ላይ ሦስት ደረጃ አለ፤ መደገፊያ የለውም። ነግሬያታለሁ፤ "አከራዩን አናግራለሁ" ብላለች። እስከዚያው በትራችሁን ቀድማችሁ ጣል አድርጉ።