«የምትውጪውን ሁሉ ይዘሽ ነይ» ላሉኝ የሥነ ምግብ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከአንድ ዓመት በላይ ሲያሠቃየኝ ከነበረው የቆዳ ድርቀት እንድላቀቅ የረዱኝን አንዲት የሥነ ምግብ ባለሙያ በአደባባይ ለማመስገን፣ ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው ሰዎችም ወደ እርሳቸው እንዲሄዱ ለመጠቆም ነው። ፈቃዳቸውን ስላልጠየቅሁ ስማቸውን እዚህ አላሰፍርም፤ የሠሩልኝን ሥራ ግን በዝርዝር እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም አንድን ባለሙያ «ጎበዝ ናቸው» ብሎ ማለፍ ለአንባቢ ብዙም የሚጠቅም አይመስለኝም።

ችግሬ የጀመረው በክንዴና በእግሬ ቆዳ መሻከር ነበር። ቀጥሎ ከንፈሬ ይሰነጠቅና ይላጥ ጀመር፤ ጸጉሬም ከወትሮው በላይ ማበጠሪያ ላይ ይቀር ነበር። «ቫይታሚን አንሶኝ ነው» ብዬ በራሴ ከደመደምሁ በኋላ ሦስት ዓይነት እንክብሎችን ገዛሁ፤ አንዱ መልቲቫይታሚን፣ ሁለተኛው የዓሣ ጉበት ዘይት፣ ሦስተኛው «ለቆዳ፣ ለጸጉርና ለጥፍር» የሚል ጽሑፍ ያለበት ነበር። ለውጥ ሳጣ ደግሞ ውጤቱ ይፍጠንልኝ ብዬ ሦስተኛውን በቀን ሁለት ሁለት መዋጥ ጀመርሁ።

ቀጠሮ ለመያዝ ስደውል ባለሙያዋ የነገሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «የምትውጪውን ሁሉ ከነጠርሙሱ ይዘሽ ነይ፤ የሦስት ቀን ምግብሽንና መጠጥሽንም ጽፈሽ አምጪ።» ስደርስ ጠርሙሶቹን ጠረጴዛቸው ላይ ደረደሩና መነጽራቸውን አድርገው በጀርባቸው ያሉትን ደቃቅ ጽሑፎች አንድ በአንድ ማንበብ ጀመሩ። ከዚያም እርሳስ አንሥተው በባዶ ወረቀት ላይ የቫይታሚን ኤ መጠንን ብቻ ነጥለው ደመሩ። የመልቲቫይታሚኑ መለያ 900 ማይክሮግራም ይላል፤ ሌሎቹ ሁለቱ ግን የተጻፉት በሌላ መለኪያ፣ በዓለም አቀፍ ዩኒት (IU) ስለነበር እኔ ፈጽሞ አላነጻጸርኋቸውም ነበር። እርሳቸው የዓሣ ጉበት ዘይቱን 4,000 ዩኒት ወደ 1,200 ማይክሮግራም፣ የሦስተኛውን 5,000 ዩኒት ደግሞ ወደ 1,500 መለሱት፤ የመጨረሻውን ሁለት እንደምውጥ ስነግራቸው በሁለት አባዙት። ድምሩ 5,100 ማይክሮግራም ሆነ። ለአንዲት አዋቂ ሴት በቀን የሚያስፈልጋት 700፣ ከእንስሳት ምንጭ ወይም ከእንክብል ከሚገኘው ተዘጋጅቶ ያለቀ ቫይታሚን ኤ ደግሞ መታለፍ የሌለበት ጣሪያ 3,000 ማይክሮግራም መሆኑን ከድምሩ ጎን ጽፈው ወረቀቱን ወደ እኔ አዞሩት።

ያን ወረቀት እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ። ቫይታሚን ኤ ሲያንስ ቆዳ ይደርቃል፣ ይሻክራል፤ ሲበዛም ቆዳ ይደርቃል፣ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ ጸጉር ይረግፋል። ስለዚህ እኔ እጥረት ነው ብዬ ሳክመው የነበረው ሕመም ሕክምናዬ ራሱ ያባባሰው ሊሆን ይችል ነበር። እርሳቸው «ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው» ብለው አልደመደሙም፤ ነገር ግን ቫይታሚን ኤ በስብ የሚሟሟ በመሆኑ እንደ ቫይታሚን ሲ በሽንት ቶሎ እንደማይወጣና በጉበት እንደሚከማች ካስረዱኝ በኋላ፣ ለማርገዝ አስቤ እንደሆነ በጥንቃቄ ጠየቁኝ፤ ከመጠን ያለፈ ቫይታሚን ኤ በጽንስ ላይ የአፈጣጠር ጉዳት ሊያስከትል ስለሚችል ማለት ነው። ይህን ጥያቄ እንክብሎቹን ስገዛ ማንም አልጠየቀኝም ነበር። ካሮትና ስኳር ድንችን ግን ሳልፈራ እንድበላ ነገሩኝ፤ በእነርሱ ውስጥ ያለውን ቤታ ካሮቲን ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው በሚያስፈልገው ልክ ነውና። እጅግ ቢበዛ መዳፍ ቢጫ ይሆናል፤ የዓይን ነጩ ክፍል ግን ነጭ እንደሆነ ይቀራል፤ ከጉበት በሽታ ቢጫነት የሚለየውም በዚህ ነው።

ባዮቲን (ለጸጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጥ ቫይታሚን) ያለበትን እንክብልም ከደም ምርመራ ጥቂት ቀናት አስቀድሜ እንዳቆም፣ ለላቦራቶሪውም እንድናገር መከሩኝ። ብዛት ያለው ባዮቲን የታይሮይድንና የአንዳንድ ሌሎች ምርመራዎችን ውጤት ያዛባል፤ እውነተኛ የባዮቲን እጥረት ደግሞ በጤናማ ሰው ላይ እምብዛም አይታይም።

የምግብ ማስታወሻዬን ሲያነቡ ደግሞ ያልጠበቅሁት ነገር ወጣ። «ቅባት ፊቴን ያበላሻል» በሚል እምነት ዘይትና ቅባት ያለበትን ምግብ ከማዕዴ ፈጽሜ አስወጥቼ ነበር። የቆዳችን የላይኛው ሽፋን ውኃ እንዳያመልጠው የሚያደርገው በሕዋሶቹ መካከል ያለው የስብ ንጣፍ መሆኑን፣ ለዚያ ንጣፍ ሥራ የሚያስፈልገውን ሊኖሌይክ አሲድ የተባለ የስብ ዓይነት ሰውነት ራሱ መሥራት ስለማይችል ከአትክልት ዘይት፣ ከሱፍ ፍሬ ወይም ከለውዝ ማግኘት እንዳለበት ሲያብራሩልኝ፣ ለካ ቆዳዬን እየጎዳሁት የነበረው ልጠብቀው ስል ነው። ቫይታሚን ኢም ቢሆን ያለ ቅባት ከአንጀት በደንብ አይመጠጥም።

ሐኪም ያዘዘልኝ የደም ምርመራ ውጤት ሲመጣ የብረት ክምችቴ ዝቅተኛ መሆኑ ታወቀ። ከምግብ በኋላ ወዲያው ሻይ የመጠጣት ልማዴን ከማስታወሻው ላይ አስምረውበት ነበር፤ ሻይ በእህልና በአትክልት ውስጥ ያለውን ብረት እንዳይመጠጥ ስለሚይዝ፣ ከምግብ አርቄ እንድጠጣው፣ በአንጻሩ ከምስሩ ጋር ብርቱካን ወይም ቃሪያ እንድጨምር አዘዙኝ። ቫይታሚን ሲ ብረቱን ከማስመጠጡም በላይ ለቆዳ ጥንካሬ የሚሰጠው ኮላጅን በአግባቡ እንዲገመድ የግድ ያስፈልጋል። በጥንት ዘመን የመርከበኞች ድድ የሚደማው፣ የዳነ ቁስላቸውም ተመልሶ የሚከፈተው በዚሁ ቫይታሚን እጦት ነበር። የሚያስፈልገው መጠን ግን ትንሽ ነው፤ ለሴት በቀን 75፣ ለወንድ 90 ሚሊግራም ሲሆን ይህን ፍራፍሬ ይሸፍነዋል።

ዚንክ ልግዛ ወይ ብዬ ጠይቄአቸውም ነበር። ለቁስል መዳን አስፈላጊ ቢሆንም በብዛት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የመዳብ እጥረት ስለሚያመጣ አልፈቀዱልኝም።

በተለይ የማመሰግናቸው የዕውቀታቸውን ወሰን ስለሚያውቁ ነው። የግራ አንጓዬ ላይ የነበረውን የሚያሳክክ ቀይ ሽፍታ አይተው «ይህ የምግብ ጉዳይ አይመስለኝም» ብለው ወደ ቆዳ ሐኪም ላኩኝ፤ እውነትም የእጅ ሰዓቴ ማሰሪያ ብረት ያስነሣው አለርጂ ሆኖ ተገኘ። ሰዓቱን ሳወልቅ ሽፍታው ጠፋ። ምንም ዓይነት እንክብልም ሆነ ቅባት አልሸጡልኝም፤ ይልቁንም ሦስት ይዤ ከገባሁት ጠርሙስ አንዱን ብቻ እንድይዝ አድርገው መለሱኝ።

የላይኛው የቆዳ ሽፋን ታድሶ ለመተካት አንድ ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ስለሚፈጅበት በሳምንት ውስጥ ለውጥ እንዳልጠብቅ አስጠንቅቀውኝ ነበር። ከንፈሬ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ መላጡን አቆመ፤ ክንዴን ስዳስስ ለስላሳ ሆኖ ያገኘሁት ግን በሁለተኛው ወር መጨረሻ ነው። የጸጉሬ ነገር አሁንም በመሻሻል ላይ ነው፤ እርሱ ከቆዳ የበለጠ ጊዜ እንደሚጠይቅ፣ የብረት ክምችቱም እስኪሞላ ወራት እንደሚወስድ ነግረውኛል።

ክብርት ባለሙያ፣ ያችን የእርሳስ ድምር ስለሠሩልኝ ከልቤ አመሰግንዎታለሁ። ወደ እርሳቸው መሄድ ለሚፈልግ ሰው ፈቃዳቸውን ጠይቄ አድራሻቸውን በግል እሰጣለሁ። ስትሄዱ ጠርሙሶቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ የሚያጠቡ፣ እርጉዝ የሆኑ ወይም በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ሳይጠየቁ አስቀድመው ይንገሯቸው።