ያገለገለ ሲስኮ ወይስ አዲስ ሚክሮቲክ? ቢሮን ከክላውድ ለማገናኘት

«ቢሮውን ከክላውድ ጋር ላገናኝ ነው፣ የትኛውን ራውተር ልግዛ?» በዚህ ወር ብቻ ሦስት ሰው ጠይቆኛል። መልሴ አንድ ነው፦ ሚክሮቲክ ሄክስ የሚባለው ትንሽ ራውተር። ያገለገለ ሲስኮ 1941 ይቅርባችሁ።

ገዝቼ ስላየሁት ነው። እዚሁ ጅማ የአንድ ቡና ላኪ ቢሮ ሥራ ይዤ፣ ከአዲስ አበባ በ18 ሺህ ብር አስመጣሁት። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» አለኝ፤ እሱስ እውነቱን ነው። ግን አይፒሴክን (በኢንተርኔት የሚያልፈውን መረጃ የሚያመሰጥረውን ዘዴ) የሚከፍተው የሴኩሪቲ ላይሰንስ፣ ማለትም ፈቃዱ፣ የለውም። ያለ እሱ ደግሞ ከአማዞን ክላውድ ጋር በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የግል መስመር) አይገናኝም። ሲስኮ ለዚህ ሞዴል ድጋፉን እ.ኤ.አ. በ2022 አቁሟል። ሻጩ ስደውል አያነሳም። በሁለተኛው ወር ክዳኑን ስከፍተው የመጋዘኑ የቡና ገለባ ማራገቢያው ላይ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ያገለገለ የግድ ከሆነባችሁ፣ ብሩን ከመቁጠራችሁ በፊት ዕቃውን አስነስታችሁ «ሾው ላይሰንስ» የሚለውን ትእዛዝ ጽፋችሁ ፈቃዱ መኖሩን እዩ።

ሄክስ የፋብሪካ ዋጋው 60 ዶላር ገደማ ነው። እዚህ ሲደርስ ይጨምራል፣ ግን ላይሰንሱ አብሮት ስለሚመጣ ሌላ ክፍያ የለም። ማራገቢያም የለውም። መብራት ሲሄድ በ12 ቮልት የሞተር ሳይክል ባትሪ ይሠራል። እኔ እንደዚያ ነው ያሰርኩት።

ጉድለቱን አልደብቅም። ቪቲአይ የሚባለው፣ የአይፒሴክን መስመር እንደ ራሱን የቻለ ወደብ የሚያስቆጥረው ኢንተርፌስ የለውም። አማዞን ለአንድ ግንኙነት ሁለት ታነል (የተመሰጠረ መስመር) ይሰጣል። አንዱ ሲወድቅ በቢጂፒ (ራውተሮች መንገድ በሚነጋገሩበት ቋንቋ) ወደ ሌላው ማዞር ሲስኮ ላይ ቀላል ነው፣ ሚክሮቲክ ላይ ግን ጣጣ አለው።

ስለዚህ በዋየርጋርድ፣ ማለትም በሌላ የቪፒኤን ዘዴ፣ ዞርኩ፤ የሚክሮቲክ ሶፍትዌር በሆነው ራውተርኦኤስ 7 ላይ አለ። ክላውዱ ላይ ትንሽ የሊኑክስ ሰርቨር አስነስቼ ታነሉን ወደ እሱ ሳብኩት። የአማዞን ቪፒኤን በአብዛኛው ሪጅን (ሰርቨሮቹ ባሉበት አካባቢ) በሰዓት 0.05 ዶላር ነው፤ ትራፊክ ኖረም አልኖረም በወር 36 ዶላር ከምናምን ይቆጥራል። ትንሽ ሰርቨር ከዚያ በጣም ባነሰ ይገኛል። የቢሮው አይፒ ቢቀያየርም ችግር የለም፣ ግንኙነቱን የሚጀምረው ቢሮው ነው። ኪፕአላይቩን (ግንኙነቱ እንዳይዘጋ በየጊዜው የሚላከውን ምልክት) 25 ሴኮንድ አድርጉት።

አንድ ነገር ግን እንዳትረሱ። የክላውዱ ሩት ቴብል (የመንገድ ሠንጠረዥ) ላይ የቢሮውን ኔትወርክ ወደ ሰርቨሩ አመልክቱ፣ የሰርቨሩንም ሶርስ ዴስቲኔሽን ቼክ (የራሱ ያልሆነን ትራፊክ የሚጥለውን ቁጥጥር) አጥፉ። እነዚህን ሁለቱን ስላላደረግሁ ግማሽ ቀን ሙሉ ፒንግ (የግንኙነት ሙከራ) ስልክ ዋልኩ፤ እሽጉ እየሄደ መልሱ አይመጣም ነበር።